የማይደነግጥ ዘር

ለወንድም ዓለሜ፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? ባለቤትህስ? ያቺ ትንሿ መዳኽ ጀመረች ብለህ የጻፍክልኝን እየመላለስኩ ሳነበው ወረቀቱ ሊበጣጠስ ደርሷል። ጉልበቷ እንዳይላጥ ወፈር ካለ ጨርቅ ሱሪ ሰፍቼላታለሁ፤ ከደብዳቤው ጋር ታገኘዋለህ። ከጠበባት ጎኑ ላይ ትርፍ ትቼበታለሁና ይለቀቅላት። እኔ ዓይኔ ትንሽ ከመድከሙ በቀር ለክፉ አልሰጥም። አባታችንም አለ። እንዴት እንዳለ ወደ ኋላ እነግርሃለሁ።

ስልክ ለምን አታነሺም ብለህ ተቆጥተሃል። የስፌት መኪናው ነው፤ ሲሠራ ሌላ ነገር አያሰማም። ሁልጊዜ የማመካኘው በሱ ነው፣ ዘንድሮም እሱኑ ያዝልኝ። ደግሞም ደብዳቤ ይሻለኛል። በደብዳቤ የምትለኝን በዓይኔ አየዋለሁ፣ አንዲት ቃል አታመልጠኝም።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ቡችላውን ለመውሰድ አትምጣ። አባታችን «ለልጄ ልጅ» ብሎ የመረጠውን ያን አመድማ ወንድ ቡችላ እቤትህ እንዳታስገባ። ያን ሁሉ ዘመን ሳያነሣህ ኖሮ ስጦታ ሲልክልህ ደስ እንዳለህ አውቃለሁ፤ ደብዳቤህ ላይ የእጅ ጽሑፍህ ሳይቀር ደስ ብሎት ነበር። እኔ ነኝ ደስታህን የማበላሸው፤ ይቅር በለኝ። ነገሩ ረጅም ነው፣ ታገሠኝ።

ድንጋይን ታስታውሰዋለህ? የመጀመሪያውን ድንጋይ ማለቴ ነው፣ ከሱ በኋላ ሁሉም ድንጋይ ሆኑብንና። አባታችን መጋዘን ይጠብቅ በነበረበት ጊዜ ያገኘው ውሻ ነው። ከመጋዘኑ ጀርባ የድንጋይ ካባ ነበር፤ ድንጋዩ በፈንጂ ሲናድ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ጅራቱን ቆልፎ ሲሮጥ ይሄኛው ጆሮውን ብቻ አንሥቶ ባለበት ቆሞ ቀረ። አባታችን ይህን ታሪክ ለገዢ ሁሉ ሲያወራ «ጆሮውን ብቻ አነሣ» ይል ነበር። ያቺን ጆሮ እሱም ሆነ እኛ ልብ አላልናትም።

ከዚያ ወዲያ ሰውዬው ሌላ ሐሳብ አልነበረውም። ቡችላ ማስወለድ ማንም ይችላል፣ የመንገድ ውሻም ይወልዳል ይል ነበር። ዘር መመሥረት ግን የሚወለደውን ሳይወለድ ማወቅ ነው አለን። ድንጋይን ከሴት ልጁ አዳቀለው። ከሷ የተወለደችውን መልሶ ለራሱ ለድንጋይ ሰጠው። ድንጋይ ሲሞት በልጁ ተካው፣ ያንን ደግሞ ከእህቱ። እናታችን ነውር ነው ስትለው ሳቀባት፤ ውሻ ዘመድ አይቆጥርም አላት። እውነትም ግንባሩ፣ ደረቱ፣ አመድማው ጠጉር፣ ሁሉም አንድ ልብስ ሰፊ የሰፋቸው ይመስል መምጣት ጀመሩ። ቀሪው ጠባያቸው ነበር።

ለጠባያቸው ያቺን ጠረጴዛ አዘጋጀ። ቡችላውን ብርድ ልብስ ላይ ያስቀምጠዋል፣ ከኋላው ይቆማል፣ የትልቁን ድስት ክዳን በግራ እጁ አንጠልጥሎ በብረት ይቀጠቅጠዋል። ዝም ያለው ይመለሳል፤ የደነገጠው ወደ ባልዲ። «ዘር የሚመሠረተው በሚወለደው አይደለም፣ በሚጣለው ነው» የሚላት አነጋገር ነበረችው። ባልዲውን ውኃ የምትሞላው አንተ ነበርክ፣ ተሸክሜ የምደፋው እኔ። አንተ ክዳኑ በተመታ ቁጥር ከቡችሎቹ እኩል ትዘል ነበር። እሱም እንግዳ ሲኖር ሆን ብሎ ከኋላህ ይቀጠቅጥብህና ብርጭቆው ከእጅህ ሲወድቅ «ለደንባራ በቅሎ ቃጭል» እያለ ያስቅብህ ነበር። ደንባራ የሚለው ስም ከዚያ ነው የወጣልህ። ቤቱን ጥለህ የወጣህ ቀንም ያላት ይችኑ ነበር፤ ደንባራው ፈረጠጠ አለ።

እኔ ግን አልደነግጥም ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ታውቃለህ? አታውቅም፣ ገና ጡት አልጣልክም ነበር። እግሯ ነጭ የሆነች አንዲት ሴት ቡችላ ክዳኑ ሲመታ ጮኻ ከጠረጴዛው ወደቀች። ወደ ባልዲው እንዳደርሳት ሲሰጠኝ እናታችን የልብስ ሳጥን ውስጥ ደበቅኳት። አገኛት። አባታችን እጁ ቶሎ አይነሣም፣ ይህን አልነፍገውም። በሁለት መዳፉ ከግራና ከቀኝ አንዴ መታኝ፣ አንዴ ብቻ። ከዚያ ትራሴ ላይ ለብዙ ቀን እድፍ ይገኝ ነበር፤ እናታችን ብርድ መቷት ነው እያለች የትራሱን ልብስ ትለውጥልኝ ነበር። ሌላ ነገር ያወቀች እንደሆነ ሆድ ይፍጀው ብላ ይዛው ሄደች፣ ነፍሷን ይማር።

ከዚያ ወዲህ ከኋላዬ ክዳን ቢቀጠቀጥ እኔ መርፌዬን እሰካለሁ። አባታችን እንግዶቹን እያሳየ «ይህቺን እዩልኝ፣ ይህቺ ናት የኔ ዘር» ሲል ደስታው ፊቱን ሞልቶት አይ ነበር። ልጅ ነበርኩና ኮራሁ። አንተ ደግሞ እቴጌ አልከኝ፤ ሦስቴ ካልተጠራች አትዞርም ብለህ። አንድ ቀን ከኋላዬ መጥተህ ትከሻዬን ስትይዘኝ በመቀስ ቅንድብህን ቀደድኩህ። ጠባሳው አሁንም አለ? «ጠርቼ ጠርቼ ነው የነካኋት» እያልክ ስታለቅስ አባታችን ሳቀብህ። ይህን ሁሉ ዛሬ ለምን እንዳነሣሁት ስትጨርስ ይገባሃል፤ ካልገባህም ግድ የለም።

ውሾቹ ስም አወጡ። የጋራዡ፣ የእንጨት መሸጫው፣ የዳቦ ቤቱ ባለቤት ሁሉ ቡችላ ሳይወለድ ተራ ይይዙ ነበር። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ የኛዎቹ ግን በልተውም አይጮኹም፣ ጎረቤትም በዚሁ ይወዳቸዋል። እንጨት መሸጫው የተዘረፈ ጊዜ ውሻው ተኝቶ ተገኘ። አባታችን ሌባው አደንዝዞት ነው ብሎ ተሟገተ፣ አሸነፈም። አሠለጣጠኑም በእጅ ምልክት ብቻ ነበር። ጌታ የሆነ አይጮህም፣ እጁን ያነሣል ይል ነበር። ስለዚህ አንዱንም በስሙ ጠርቶ አያውቅም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ የጋራዡ ሰውዬ ጎማ ሲፈነዳ እንኳ ውሻው ዞር እንደማይል ለሁሉም ሲያወራ ከርሟል፤ ለኛ የነገረን የለም።

አባታችን አሁን ከወገቡ በታች አልታዘዝ ብሎት ከአልጋ አይነሣም። አልጋው መስኮቱ ሥር ነው፣ ግቢው እንዲታየው። ጭምት፣ የመጨረሻዋ እናት፣ በዚህ ክረምት ስትወልድ ጠረጴዛውን አልጋው አጠገብ አስጠግቶ ክዳኑን እንድመታ እኔን አዘዘኝ። መታሁ። ከቡችሎቹ ሁለቱ ደነገጡ፤ አንዷ ከጠረጴዛው ወርዳ አልጋው ሥር ገባች። ባልዲ አለኝ። እሺ ብዬ ሁለቱን በሽርጤ ይዤ ወጣሁና የስፌት ክፍሌ ውስጥ፣ የቁርጥራጭ ጨርቅ ቅርጫት ውስጥ ከተትኳቸው። ጨረስኩ አልኩት። አሁን ማንም ሳጥኔን አይፈትሽም። ከቀሩት ውስጥ ያን ለልጅህ የመረጠውን ይዞ ግንባሩን ሲዳብሰው ዋለ።

በሳምንቱ የዳቦ ቤቱ ባለቤት መጣ። ሰውዬውን በደስታው ነው የምታውቀው፣ ዱቄት የለበሰ ሳቂታ። ያን ቀን ሸሚዙ ላይ የነበረው ዱቄት አልነበረም። ትንሿ ልጁ ውሻው ምድጃው አጠገብ ተኝቶ ሳለ ከኋላው ሄዳ አቀፈችው። ጉንጯን ይዞ ነው የተነሣው። አባታችን «ልጅ ጀርባው ላይ ብታስቀምጥ አይደነግጥም» ብሎ ነበር የሰጠው፤ ሰውዬው አልጋው ጫፍ ቆሞ ይህንኑ ቃል መለሰለት። አባታችን ልጅቷ ምን አድርጋው ነው ብሎ ጠየቀ። በሕይወቴ እንዲያ አፍሬ አላውቅም።

ውሻውን ይዘን ከሰውዬው ጋር ወደ እንስሳት ሐኪሟ ሄድን። ሐኪሟ አፏን በጭንብል ሸፍና ስለነበር አውርጂልኝ ብዬ ለመንኳት፤ አወረደችልኝና ትክ ብላ አየችኝ። ውሻውን ወፍራም ፍራሽ ላይ አስተኛችው፣ የዳቦ ቤቱ ባለቤት ፊት ለፊት ሆኖ ቁራሽ እንዲያሳየው አደረገች፣ እሷ ወደ ኋላ ዞረች። ውሻው ከቁራሹ ላይ ዓይኑን አልነቀለም። እኔም ውሻውን ሳይ ነበርና ተመልሳ መጥታ አበቃ እስክትለን ድረስ መጀመሯንም አላወቅሁም። የብረት ሳህን በማንኪያ ስትመታ ነበር አሉ።

ሐኪሟ የነገረችን ይህን ነው። ውሻው ክፉ ሆኖ አይደለም። ሲፈጠር ጀምሮ አይሰማም። የማይሰማ ውሻ ተኝቶ ሳለ ሲነኩት ማን እንደመጣበት ስለማያውቅ በጥርሱ ይነቃል፤ ልጅቷን ቀድሞ ቢያያት ኖሮ ይልሳት ነበር። እንዲህ ያለው ነገር እንዲያ ካለ ጠጉር ጋር አንዳንዴ ይመጣል፣ አባትን ከልጅ፣ ወንድምን ከእህት ሲያዳቅሉ ደግሞ ይበረታል አለችን። ከዚያ ቡችሎቹን በምን እንደምንመርጥ ጠየቀችኝ። ስለ ጠረጴዛውና ስለ ክዳኑ ነገርኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እንግዲህ ስትጥሉ የኖራችሁት የሰሙትን ነው» አለችኝ፣ ቀስ ብላ፣ እያንዳንዷ ቃል አፏ ላይ እንድትታየኝ አድርጋ።

ወንድሜ፣ ያን ሁሉ ባልዲ አስበው። ጆሮ ያለውን ሁሉ ውኃ አበላነው፤ የቀሩትን ጀግና ብለን ሸጥናቸው። የዳቦ ቤቱን ውሻ እዚያው በመርፌ አሰናበተችው። አንገቱን ይዤለት ነበር፤ እስከ መጨረሻው ፊቴን እያየ፣ እጄን የማነሣበትን ምልክት እየጠበቀ ነበር።

ለአባታችን ልንገረው ወይስ ሆድ ይፍጀው ብዬ ሰንብቼ ነበር። ደብቄው እንዳልቀር ያደረገኝ ያንተ ቡችላ ነበር፤ አንተ ልትመጣ ነው፣ ልጅህ ትድኻለች። ነገርኩት። አላመነኝም። ሐኪም ምን ያውቃል አለኝ፣ ያቺ ሴት ስንት ዘር መሥርታለች አለኝ። እንግዲያው ጥራቸው አልኩት። አሮጌው ድንጋይ፣ አምስተኛው ይሁን ስድስተኛው፣ ጀርባውን ሰጥቶን በሩ ላይ ተኝቶ ነበር። ስሙን ጥራው አልኩት፣ አንዴ።

ጠራው። ውሻው አልተነቃነቀም። ደግሞ ጠራው። የአንገቱ ጅማት እስኪገተር፣ ደረቱ ከትራሱ እስኪነሣ ድረስ ጠራው። ዘመኑን ሙሉ ያልጠራውን ስም ያን ቀን ጠርቶ ጨረሰው። ጎረቤታችን ሰው ሞተ ብላ በሩጫ መጥታ በር ላይ ስትደርስ ነው ውሻው ጥላዋን አይቶ የተነሣው።

ሁለቱን ቡችሎች ከቅርጫቱ አወጣሁና አልጋው ላይ አስቀመጥኩለት። አልተጣሉም እንዴ ብሎ አልጠየቀኝም። አሁንም ድንጋይ እያለ መጥራቱን አልተወም ነበር፤ ያቺ አልጋ ሥር የገባችው ደንጋጧ አንገቷን ወደሱ አዞረች። እሱን ነው የሰማችው። በዚያ ሁሉ ዘር ውስጥ ድምፁን ሰምታ የዞረችለት እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም። አባታችን ሲያለቅስ አይተህ ታውቃለህ? እኔ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ስላንተ ተናገረ። «ያ ልጅም ሰምቶ ኖሯል» አለ። እውነቱን ልንገርህ፣ ይቅርታ ማለቱ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ቃሉን ግን እንዳለ አድርሼልሃለሁ። ከዚያ እኔን አየኝ፣ በጣም ለረጅም ጊዜ። እንደገና ሁለቱን መዳፎቹን አየ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና አንድ ነገር ጠየቀኝ። እንደጠየቀኝ ያወቅሁት ትከሻው መልስ ሲጠብቅ ስላየሁት ነው። ምን እንዳለ አላውቅም። ድገመው አላልኩትም፣ እሱም አልደገመው። ያን ጊዜ የዞረ ፊቱ እስካሁን አልተመለሰም፤ ምግቡን በግድ ነው የምሰጠው፣ አብዛኛውን ጊዜ ይተፋዋል።

ግቢው ባዶ ሆኗል። ወሬው እንደተሰማ ሰው ሁሉ ውሻውን እያመጣ አጥራችን ላይ አሥሮ ሄደ፤ አንዳንዱ ሰላምታም አልሰጠኝም። የነከሱትንና ወሳጅ ያጡትን ሐኪሟ በመርፌ ጨረሰቻቸው፣ አሮጌው ድንጋይም ከነሱ አንዱ ነበር። የቀሩት እንዳይወልዱ ተደርገዋል፣ ሁለቱ የሚሰሙትም ጭምር፤ እኔ ነኝ የፈረምኩት። ያን ያንተን ቡችላ ልጅ የሌላቸው ባልና ሚስት ወሰዱት፤ ከመንካታቸው በፊት ወለሉን በእግራቸው እንዲመቱ አሳየኋቸው። የሠላሳ ዓመት ልፋት ነው፣ ለመፍረስ አንድ ወር አልፈጀበትም። ጭምትን ግን አልሰጠኋትም። እኔና እሷ እንግባባለን። በሩ ሲንኳኳ አላፊ አግዳሚው በመስኮት ምልክት ካላሳየን በቀር ሁለታችንም አንነሣም፤ ቀን ቀን እግሬ ሥር ትተኛለች፣ ፔዳሉ ሲቆም ቀና ትላለች።

እንግዲህ ና። ለቡችላ ብለህ ሳይሆን ለእሱ ብለህ ና፤ ጊዜ ያለው አይመስለኝም። ወደ ግድግዳው የጠየቀኝን ምናልባት አንተን ይጠይቅህ ይሆናል፤ አንተ ትሰማዋለህ። ምን መመለስ እንዳለብህ ግን እኔን አትጠይቀኝ። ልጅህን ካመጣሃት ያቺ ደንጋጧ ቡችላ ቅርጫቷ ውስጥ ትጠብቃታለች። ሳል ሲያስለኝ እንኳ ትደበቃለች፣ ስሟን ሲጠሯት ትመጣለች፤ ለልጅ ከዚህ የተሻለ ውሻ አላውቅም።

አንድ ነገር ብቻ ጻፍልኝ፣ ሳትመጣ በፊት። ትንሿ፣ በር ሲጋጭ ትደነግጣለች? ከደነገጠች ተመስገን በሉ፤ አቅፋችሁ አባብሏት፣ ማንም እንዳይስቅባት።

ስትመጣ የስፌት መኪናዬ መስኮቱ ጋ ናት፣ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ነው የምሠራው። እባክህ በበሩ አትግባ። ዞረህ መስኮቱ ፊት ቁምና ቀና ብዬ እስካይህ ጠብቀኝ።

አምላክ ከክፉ ሁሉ ይሰውርህ። ባለቤትህን ሳምልኝ። የልጅህን ዕድሜ እንደ ስፌት ትርፍ ጨርቅ ያርዝምልን፤ ያንተንም ልብ ያብርድልህ። በመንገድህ ሁሉ ደኅና ግባ።

ሦስቴ ካልተጠራች የማትዞረው
እህትህ